«ቱ»፣ «ቱም»፣ «አፕ»፦ ስድስት ቀን በሙምባይ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰኞ ሌሊት ከቦሌ የተነሳው አውሮፕላናችን ማክሰኞ ማለዳ ሙምባይ ሲያርፍ ከተማዋ በክረምት ዝናብ ተውጣ ነበር። በረራው ከአምስት ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ ይሁንና አህመዳባድ ላይ አውሮፕላን ተከስክሶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ካለቀ ገና አምስት ቀኑ ስለነበር፣ አጠገቤ የተቀመጡት ነጋዴ ጎማው መሬት እስኪነካ ድረስ ከንፈራቸው ከጸሎት አልተለየም። ሰዓቴን ሁለት ሰዓት ተኩል ወደ ፊት አስኬድኩ። ይህች ግማሽ ሰዓት እዚሁ ሕንድ፣ ፑኔ ከተማ ተማሪ ሳለሁ ሁልጊዜ ታሳስተኝ ነበር፤ ዛሬም ወደ ቤት ስደውል ተሳስቼ ሰው ከእንቅልፉ ቀሰቀስኩ።

የመጣሁበትን ጉዳይ አስቀድሜ ልናገር። እንጀራዬ የሂንዲ ተከታታይ ድራማዎችን ወደ አማርኛ መመለስ ነው፤ እኔ የጻፍኩትን ተዋንያን በድምፃቸው ይጫወቱታል። ለቅሶውም ሆነ ዛቻው፣ የአማትና የምራት ጠቡም ጭምር፣ አስቸግሮኝ አያውቅም። ባለፈው የካቲት ግን አንድ ስቱዲዮ ለሙከራ ያህል «ዘ ግሬት ኢንዲያን ካፒል ሾው» ከተባለው፣ ኔትፍሊክስ ላይ በሂንዲ ከሚቀርበው የምሽት የቀልድና የጨዋታ ዝግጅት የአሥር ደቂቃ ቁራጭ እንድተረጉም ሰጠኝ። ቃል በቃል ስህተት የማይገኝበት ትርጉም አስረከብኩ። በማዳመጫው ክፍል ከተቀመጥነው ስድስት ሰዎች ግን አንድም የሳቀ አልነበረም። በስክሪኑ ላይ ያለው ታዳሚ እየተንከተከተ እኛ ዝም ብለን ቡናችንን ስንጠጣ የተሰማኝ ኀፍረት እስካሁን አልለቀቀኝም። የዓመት ፈቃዴን ይዤ የመጣሁት ያ ሳቅ የት ላይ ከእጄ እንዳመለጠ ከአገሩ ሰዎች ጋር ተቀምጬ ለማየት ነው።

ያረፍኩት ማላድ በሚባለው ሰፈር፣ በተማሪነት ዘመኔ አብሮኝ ይኖር በነበረው ጓደኛዬ ቤት ነው። ወላጆቹ ከአላሃባድ የመጡ የሂንዲ ተናጋሪዎች ናቸው። እናቱን እንደ ድሮው «አንቲጂ»፣ አባቱን «አንክልጂ» እላቸዋለሁ፤ አክስቴና አጎቴ እንደማለት ነው፣ «ጂ» የአክብሮት ቅጥያ ናት። አንቲጂ በወተት የፈላ ሻይ ይዘው ሲመጡ የሰኔ ጾም ላይ መሆኔን ነገርኳቸው። ሥጋ አለመብላት ለእሳቸው እንግዳ አይደለም፤ ወተት የሌለበት ሻይ ግን ሕመም እንጂ ጾም አልመሰላቸውም። «ልጄ፣ ሆድህን ነው?» ብለው ግንባሬን ዳሰሱ።

ምሳ ሳይደርስ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ሂንዲ ፊት ለፊት ያለን ሰው በሦስት መንገድ ይጠራል፦ ለቅርብ ሰው «ቱ»፣ መካከለኛው «ቱም»፣ ለሚከበር ሰው ደግሞ «አፕ»። ጓደኛዬ «ቱ» አለኝ፣ እናቱ «ቱም» አሉኝ፣ አባቱ ደግሞ እንግዳ ነኝና «አፕ» አሉኝ። በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ሦስት ሰው ሆንኩ ማለት ነው።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11 ቀን

ዝናቡ ከቤት አላስወጣንም። አንክልጂ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ስለ ምሽት ቀልድ ሲጠየቁ ግን ወንበራቸውን ወደ ፊት የሚስቡ ሰው ናቸው። እንደ እሳቸው አነጋገር የሂንዲ ተመልካች ከጠረጴዛ ጀርባ ሱፍ ለብሶ የሚቀመጥ የምሽት ቀልደኛ ያየው እ.ኤ.አ. በ1997 ሼካር ሱማን በሶኒ ቴሌቪዥን «ሙቨርስ ኤንድ ሼከርስ»ን ሲጀምር ነው። ሱማን ፖለቲከኞችን ያስመስል ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አታል ቢሃሪ ቫጅፓዪ በአንድ ዓረፍተ ነገር መሐል ረጅም ዝምታ የሚያስገቡ ተናጋሪ ነበሩና፣ ሱማን ቀልዱን የሚያገኘው ከቃላቸው ሳይሆን ከዝምታቸው ነበር። አንክልጂ ይህን ሊያሳዩኝ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ራሳቸውን ትንሽ ዘንበል አድርገው አንድ ቃል ተናገሩና ቆሙ። ቆሙ። ከማእድ ቤት አንቲጂ «እንቅልፍ ወሰደህ?» ብለው ተጣሩ። እኔ የሳቅሁት ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከጠረጴዛው ጀርባ ያለው ቀልድ ቀስ በቀስ ወደ በይነ መረብ ተሰደደ። እ.ኤ.አ. በ2015 ኤአይቢ የተባለው የወጣት ቀልደኞች ቡድን ሆትስታር በተባለው የበይነ መረብ ማሰራጫ ላይ «ኦን ኤር ዊዝ ኤአይቢ»ን በሂንዲም በእንግሊዝኛም ሲጀምር፣ ወጣቱ ዜናውን በቀልድ መልክ ከስልኩ ማግኘት ለመደ። አንክልጂ ያንን አልወደዱትም፤ «የሚናገሩት ለራሳቸው ዕድሜ ነው» ይላሉ። ሰፊውን ሕዝብ ይዞ የቀረው ጠረጴዛ የሌለው፣ በሶፋና በጎረቤት ጨዋታ ላይ የቆመው የካፒል ሻርማ ዝግጅት ሆነ።

ካፒል የአምሪትሳር ልጅ፣ የፖሊስ ባልደረባ የነበሩ ሰው ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በቴሌቪዥን የቀልድ ውድድር አሸንፎ ታወቀ፤ በ2013 በከለርስ ጣቢያ የራሱን ዝግጅት ጀመረ፤ በ2016 ወደ ሶኒ ተሻገረ። በ2017 ከአውስትራሊያ ሲመለሱ አውሮፕላን ላይ ከባልደረባው ከሱኒል ግሮቨር ጋር ተጣልተው ለዓመታት ተለያዩ። መጋቢት 30 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ዝግጅቱ ወደ ኔትፍሊክስ ሲዛወር ሁለቱ ታርቀው አብረው ቀረቡ፤ ገና በማስተዋወቂያው ላይ የአውሮፕላኑን ጠብ ራሱን ቀለዱበት። የተዋንያኑ ጨዋታ እንግዳውን ኮከብ እንደ ጎረቤት መዳፈር ነው፦ ክሩሽና አቢሼክም ሆነ ሱኒል ሳሪ ለብሰው ሴት ሆነው ይመጣሉ፣ ኮከቡን ያሽኮረምሙታል፣ ሂሳብ ይተሳሰቡታል፣ ይቆጡታል።

ከሰዓት በኋላ ያንን የከሸፈብኝን ቁራጭ ከጓደኛዬ ጋር እንደገና አየነው። ጓደኛዬ ለማስታወቂያ ድምፅ የሚቀርጽ ባለሙያ ስለሆነ ጆሮው ስል ነው። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አቆመውና ከሥር የሚሮጠውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በጣቱ ጠቆመኝ። ካፒል እንግዳውን በ«አፕ» እና በ«ጂ» አጅቦ ከተቀበለ በኋላ፣ ሳሪ የለበሰው ተዋናይ ገብቶ ያንኑ ሰው በ«ቱ» ሲጠራው አዳራሹ ይፈነዳል። ጽሑፉ ላይ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው፤ እንግሊዝኛ ለሦስቱም ያለው አንድ ቃል ብቻ ነውና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። ሂንዲ እያወቅሁ፣ ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ ስቱዲዮው ከሰጠኝ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነበር የተረጎምኩት። እንግሊዝኛው የሌለውን ማዕረግ ሊሰጠኝ አይችልምና እኔም ከዳር እስከ ዳር «አንተ» ብዬ ሞልቼዋለሁ። ከበሩ እስከ ሶፋው ድረስ እንግዳውን ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ሲጠራው ማን ምን ደፈረ ተብሎ ይሳቃል?

ሐሙስ፣ ሰኔ 12 ቀን

ዝግጅቱ ሲቀረጽ ለማየት መግቢያ እናገኛለን ብለን አንድ ደላላ በስልክ አነጋግረን ነበር፤ ለሁለት ሰው ሦስት ሺህ ሩፒ ከፍለን በጎሬጋኦን የሚገኘው ፊልም ሲቲ በር ላይ በአሥር ሰዓት እንድንገኝ ነገረን። ከማላድ ጎሬጋኦን አንድ ፌርማታ ነው። ባቡሩ ላይ የወጣሁትም የወረድኩትም በራሴ እግር ሳይሆን በሰው ግፊት ነበር። ከዚያ በባጃጅ ሄድን፤ እነሱ «አውቶ» ነው የሚሉት። የሙምባይ ባለባጃጅ ሂንዲ የራሱ ነው፤ አባቱ በሚሆን ሰው ላይ እንኳ «ቱ»ን ሲጠቀም ምንም አይመስለውም፣ ተሳፋሪውም አይቀየምም።

ፊልም ሲቲ እ.ኤ.አ. በ1977 የተቋቋመ፣ በሕንድ ሲኒማ አባት በዳዳሳሄብ ፋልኬ ስም የተሰየመ የቀረጻ መንደር ነው። ከሳንጃይ ጋንዲ ብሔራዊ ፓርክ ጋር ስለሚዋሰን ነብር አልፎ አልፎ እስከ መድረኮቹ ድረስ ይገባል። የካፒል የመጀመሪያው ዝግጅት መድረክም እዚሁ ነበር፤ መስከረም 25 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. እሳት ተነስቶ ሙሉ በሙሉ ወደመ። ከበሩ ወዲያ ግን ዛፍና እርጥብ አስፋልት እንጂ ምንም አይታይም።

ዘበኛው በስልካችን ላይ ያለውን «ቲኬት» በሁለት ጣቱ አስፍቶ አየውና በታላቅ ትሕትና ይህ መግቢያ እንዳልሆነ ነገረን። ደላላው ጋ ደወልን፤ ስልኩ ተዘግቷል። ጓደኛዬ ለመነ፤ እኔም ከኢትዮጵያ ድረስ መምጣቴን ተናገርኩ። ዘበኛው በለመንነው ቁጥር አክብሮቱ ይጨምር ነበር። መጀመሪያ «ቱም» ያለን ሰው ቀጥሎ «አፕ» አለን፤ ሦስተኛ ስንጠይቀው «አፕ»ን ከ«ጂ» ጋር አድርጎ፣ በእጁ መንገዱን እያሳየ፣ እንደ ሚኒስትር ሸኘን። ከዚህ በላይ ሊያከብረን የሚችለው በዱላ ብቻ ነበር። የእኛም ቋንቋ ይህንን ያውቃል፤ የቢሮ ጸሐፊ «እባክዎ ነገ ይመለሱ» ስትል ያ «ዎ» ከተዘጋ በር የበለጠ የሚከብድበት ጊዜ አለ።

ከበሩ ራቅ ብሎ በላስቲክ ከተጠለለች ጋሪ ቫዳ ፓቭ በላን። በሽምብራ ሊጥ ተለውሳ የተጠበሰች የድንች ድቡልቡል፣ ለሁለት በተከፈለ ዳቦ መሐል፣ በደቀቀ ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ ተነስንሳ፣ ከጎኗ ጨው የነካው የተጠበሰ ቃሪያ ይቀመጥላታል። ቅቤ እንዳይነካት አስጠንቅቄ ሦስት በላሁ። ለጾም እንዲህ ያለ ምግብ የፈጠረ ሕዝብ ስለ ወተት ሻዩ ምሕረት ይገባዋል።

ዓርብ፣ ሰኔ 13 ቀን

ማታ አንዴሪ ውስጥ ከሰባ ሰው በላይ የማትይዝ ክፍል ሄድን፤ ጀማሪ ቀልደኞች በየተራ አምስት አምስት ደቂቃ የሚሞክሩባት ናት። ስለ ፖለቲካ አንድም ቃል የተነፈሰ አልነበረም። ምክንያቱን ጓደኛዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ አስታወሰኝ። በየካቲት የቀልደኛው የሳማይ ራይና የዩቲዩብ ዝግጅት አንድ እንግዳ በተናገረው ነውር ምክንያት የፖሊስ ክስ ሲጎርፍበት ክፍሎቹ በሙሉ ከዩቲዩብ ተነስተዋል። በመጋቢት ደግሞ ቀልደኛው ኩናል ካምራ በወቅቱ ሙምባይ የምትገኝበት የማሃራሽትራ ክፍለ ግዛት ምክትል ዋና ሚኒስትር በነበሩት በኤክናት ሺንዴ ላይ ከቀለደ በኋላ፣ ደጋፊዎቻቸው ካር ሰፈር የሚገኘውን ቀረጻው የተደረገበትን ሀቢታት የተባለ አዳራሽ ሰባብረዋል። ስለዚህ የዚህች ምሽት ቀልድ በሙሉ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ እናትና ስለ ዝናብ ነበር።

አንዱ ወጣት ከፊት ወንበር ያሉትን እየጠየቀ ሲያፌዝ ወደ እኔ ደረሰና በእንግሊዝኛ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። እኔም ፑኔ በመጽሐፍ በተማርኩት ሂንዲ፣ በሙሉ «አፕ»፣ ከኢትዮጵያ እንደመጣሁና የእሱን ቀልድ በማዳመጤ እንደተከበርኩ ነገርኩት። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ልጁ ማይክሮፎኑን አውርዶ ወደ ኋላው ዞሮ ተመለከተ፤ አባቱ የገቡ መስሎት የፈለጋቸው ይመስል ነበር። ያን ያህል የተሳቀው እኔ ቀልድ ስላወራሁ አይደለም፤ ጂንስ ለለበሰ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ የማይገባውን ካባ ስላለበስኩት ነው። ቅዳሜን ሳልጠብቅ መልሱ እጄ ገብቶ እንደነበር አሁን ይገባኛል። እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ግን የተሰማኝ ላብ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14 ቀን

የዝግጅቱ ሦስተኛ ምዕራፍ የሚጀምረው ዛሬ ነው፤ አዲስ ክፍል የሚለቀቀው ቅዳሜ ቅዳሜ ምሽት በሁለት ሰዓት ነው። በይነ መረብ ላይ ያለ ነገር በማንኛውም ሰዓት ሊታይ ሲችል፣ በዚህ ቤት ግን ልክ እንደ ጥንቱ የቴሌቪዥን ዘመን ሰዓቱ ሳይደርስ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዞ ነበር። አንቲጂ የነገውን ምስር በትሪ ይዘው ጠጠር ይለቅማሉ፤ አንክልጂ መነጽራቸውን ይጠርጋሉ። የጓደኛዬ የስድስት ዓመት ልጅ ከሶፋው ሥር ተጋድሟል።

የመጀመሪያው እንግዳ የፊልም ኮከቡ ሳልማን ካን ነበር። ዕድሜው 59 ሆኖ ያላገባ ስለሆነ ሕንድ በሙሉ የሚያጫውተው ስለ ጋብቻ ነው፤ ስሙንም ማንም ለብቻው አይጠራውም፣ «ብሃይ» ማለትም ወንድም ሳይሉት አያልፉም። ሳቃቸውን ለአዳራሹ የሚያስጀምሩት የክብር ወንበሮች ዘንድሮ ሁለት ሆነዋል፦ አንዱ ላይ ተዋናይቷ አርቻና ፑራን ሲንግ አለች፣ ሌላው ላይ እ.ኤ.አ. በ2019 ከዝግጅቱ ወጥቶ የነበረው የቀድሞው የክሪኬት ተጫዋችና ፖለቲከኛ ናቭጆት ሲንግ ሲዱ ተመልሶ ተቀምጧል። እሱን ካፒል «ፓጂ» ይለዋል፤ ይህ በፑንጃቢ ታላቅ ወንድም ማለት ነው። እንግዲህ «ብሃይ»ም «ፓጂ»ም ወንድም ናቸው፤ አንዱ የከተማ አለቃ፣ ሌላው የሰፈር ጋሼ ሆነው ይሰማሉ። እኔ በየካቲት ሁለቱንም «ወንድሜ» ብያቸው ነበር።

ጓደኛዬ ከሥራ የተመለሰው ዝግጅቱ ከተጀመረ በኋላ፣ እስከ ጉልበቱ ርሶ ነው። አንቲጂ ዓይናቸውን ከምስሩ ሳያነሱ፣ ዕድሜ ልካቸውን «ቱ» ያሉትን ልጃቸውን በ«አፕ» ተቀበሉት፤ «ይግቡ፣ ራጃ ሳሂብ፣ እራትዎ ቀዝቅዟል» እንደማለት ነው። ከሶፋው ሥር ያለው ሕፃን ሳይቀር ሳቀ። እኔ ግን የሰማሁት የእናቴን ድምፅ ነበር። አምሽቼ ስገባ ከምድጃው ሳትነሳ «ይግቡ ጌታው፣ ምን ይታዘዙ?» ትለኝ ነበር፤ ያንን «ጌታው» የሰማ ልጅ መቀጣቱን ያውቃል፣ እህቶቹ ደግሞ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ይስቃሉ። ለካ ሂንዲው የሚያስቀውን በምን አማርኛ ልመልሰው እያልኩ ስጨነቅ የከረምኩት በቤቴ ያደግሁበትን ነገር ነው። አማርኛም እንደ ሂንዲ አክባሪውን ግስ ወደ ብዙ ቁጥር ያዞራል፤ «መጣ» ያልነውን «መጡ» ስንለው አንዱን ሰው ጉባኤ እናደርገዋለን። ያልተጠቀምኩበት እኔ ነኝ።

በመሐል ሳልማን ስለ ጋብቻ በተነሳው ጨዋታ ላይ ስለ ሕመሞቹ ተናገረ፦ ስለ ፊት ነርቭ ሥቃዩ፣ በአንጎሉ ውስጥ ስላበጠው የደም ሥር፣ እንዲህም ሆኖ እንደሚሠራ። አንቲጂ ትሪውን ከጭናቸው አወረዱ። «ቤቻራ» አሉ፣ «አይ ምስኪን» እንደማለት፤ ቀጥለውም የማይሰማቸውን የስክሪን ሰው በ«ቱ» ጠርተው ለጤናው መረቁት። ያ «ቱ» የድፍረት አልነበረም፤ ሂንዲ ለአምላክና ለገዛ ልጅ የሚያስቀምጠው «ቱ» ነው። እኛም «አምላኬ ሆይ፣ አንተ ታውቃለህ» እንላለን እንጂ «እርስዎ ያውቃሉ» ብሎ የሚጸልይ የለንም።

እሑድ፣ ሰኔ 15 ቀን

ጠዋት ሻንጣዬን ካሰርኩ በኋላ የቀረኝን ሰዓት በሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ የየካቲቱን ቁራጭ ከሂንዲው እንደ አዲስ በመተርጎም አሳለፍኩት። ካፒል እንግዳውን ሲቀበል «እርስዎ» እና «ጋሼ» አልኩ፤ ሳሪ የለበሰው ተዋናይ ሲገባ «አንተ» አስገባሁ፤ ኮከቡ ሲኮራባት ደግሞ ወደ «ጌታው» መለስኳት። ጮክ ብዬ ሳነበው አማርኛ የማያውቀው ጓደኛዬ በዜማው ብቻ የት ላይ እንደሚሳቅ ሁለት ቦታ በትክክል ገመተ።

የከበደኝ «ቱም» ነው። በ«አንተ» እና በ«እርስዎ» መካከል፣ ለጎረቤት፣ ለሥራ ባልደረባ፣ አንቲጂ ለእኔ የሚሏት ያቺ መካከለኛ ቃል አማርኛ ላይ የለችም። «አንቱ» ትሆን እንደሆነ ሞከርኩ፤ ጆሮዬ ላይ የገጠር ሽማግሌ ይዛብኝ መጣች። በስም ልተካት ሞከርኩ፤ ዓረፍተ ነገሩ ረዝሞ ከተዋናዩ ከንፈር እንቅስቃሴ አለፈ። ሦስት መስመሮችን ባዶ ትቼ በእርሳስ ከበብኳቸው።

በር ላይ አንክልጂ «አፕ» ብለው ሸኙኝ። አንቲጂ ለመንገድ ቅቤ ያልነካው ፓራታ የተባለ ቂጣ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝና፣ ደርሼ እንድደውል ሲያሳስቡኝ ለመጀመሪያ ጊዜ «ቱ» አሉኝ። ጓደኛዬ ሰምቶ አየኝ፤ እኔም አየሁት። ባለባጃጁ ዝናቡ ሳይብስ እንውጣ ብሎ በ«ቱ» ጮኸብን።